በቀይ የተሰመረው መንገድ

ሎሬታ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ግንቦትን ያሳለፈችው በኩሽናዋ መስኮት ሥር ቆማ፣ ስልኳን በእጇ ይዛ ነው። በዚያ ወር ባሏ ዌንደል የቤት ሰው አይደለም። ቀን የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲጠግን ይውልና የካንሳስ ሰማይ በምዕራብ በኩል መክበድ ሲጀምር ፒካፑን አስነስቶ፣ ጓደኛውን ቨርንን አሳፍሮ፣ ሌላው ሰው ልጆቹን ሰብስቦ ከመሬት በታች ያለ ምድር ቤት የሚገባበትን ነገር ፍለጋ ይሄዳል። ሲመለስ ጫማው ጭቃ፣ ዓይኑ ደግሞ የተኛ ሰው ዓይን አይመስልም። እሷም ሾርባውን ታሞቅለትና ምንም አትጠይቀውም።

ዘንድሮ ቨርን ጉልበቱን ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። አውሎ ነፋስ ማሳደድ ደግሞ ለአንድ ሰው አይሆንም። አንዱ ይነዳል፣ ሌላው ካርታና በስልኩ ላይ ያለውን የዝናብ ራዳር ያነባል። ዌንደል ሁለት ቀን ሙሉ ሰው እንደሞተበት ሁሉ ቤቱን ሲዞረው ቆየና፣ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሎሬታ "እኔ እሄዳለሁ" አለች። ለምን እንዳለች እሷም በደንብ አታውቀውም። ምናልባት በየዓመቱ ባሏን የሚወስድባትን ነገር አንድ ጊዜ ፊት ለፊት ልታየው ፈልጋ ይሆናል።

"ግን አንድ ነገር አለ" አለችው። "በቃ ካልኩ በቃ ነው። ትመልሰናለህ። አንድ ደቂቃ ጠብቂኝ፣ አንድ ፎቶ ላንሳ የሚባል ነገር የለም።"

"በቃ ካልሽ በቃ።"

"ማልልኝ።"

"ቤተ ክርስቲያናችን መማል ቢፈቅድ እምልልሽ ነበር። አሁን ግን በቃሌ እመኚኝ።"

ቨርን ሊሸኛቸው ባይችልም ካርታውን ሰጣት። እግሩን ትራስ ላይ ሰቅሎ ተቀምጧል። ካርታው የወረቀት ነው፤ እጥፋቶቹ በፕላስተር ተለጣጥፈዋል፣ እዚህም እዚያም በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮበታል።

"ቀዮቹን ታያለሽ? ዝናብ በነካቸው ቀን እንዳትገቡባቸው። ቀይ ሸክላ አፈር ናቸው። ስልኩ መንገድ ነው ይልሻል። ስልክ ጭቃ አያውቅም።"

"ባሌስ አያውቅም?"

"ባልሽ የሚያውቀው ወደ ላይ ማየት ነው። ወደ ታች የማየው እኔ ነበርኩ።" ቨርን ትራሱን አስተካከለ። "እንግዲህ ዛሬ አንቺ ነሽ።"

እስከ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ የሆነ ነገር የለም። ዌንደል ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ነድቶ፣ ከሜድሲን ሎጅ ከተማ ወዲያ አንዲት ነዳጅ ማደያ አጠገብ አቆመና "እንጠብቃለን" አላት። ሎሬታ የዚህ ነገር አብዛኛው ክፍል መጠበቅ መሆኑን ያን ቀን አወቀች። ሌሎችም ነበሩ፤ አሥራ አምስት የሚሆኑ መኪኖች፣ የፊት መስታወታቸው በበረዶ የተሰነጣጠቀ፣ ጣሪያቸው የተጎደጎደ። ሰዎቹ የመኪናቸው ኮፈን ላይ ተቀምጠው የሱፍ ፍሬ ይፈለፍላሉ፣ ሰማይ ያያሉ፣ ባለፈው ሳምንት ያመለጣቸውን ይረግማሉ። ከአሥር ቀን ዘጠኙን ባዶ እጃቸውን ነው የሚመለሱት።

"ዌንደል፣ ቨርንን ሸጥከው እንዴ?" አለ አንዱ ባለ ጺም።

"ለወጥኩት። ይቺ ምሳ ትይዛለች።"

"ምሳውንም እኔ ነኝ የምበላው" አለች ሎሬታ፤ ሁሉም ሳቁ። እሷም ሳቀች። ሥጋና ጎመን የተሞላውን ዳቦ አውጥታ አካፈለቻቸው። ፍርሃቷ ያን ጊዜ ገና ትንሽ ነበር።

አሥር ሰዓት ሲሆን በምዕራብ በኩል አንድ ደመና ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወጣ። እንደሚፈላ ወተት ገነፈለ፣ ጫፉ ተዘረጋ፣ ከሥሩ ጠቆረ። በኮፈን ላይ የነበሩት ሁሉ ወረዱ። ሞተር ተነሣ፣ በር ተዘጋ። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ማደያው ባዶ ሆነ።

ዌንደል ሲነዳ ያስተምራት ነበር፤ ድምፁ ረጋ ያለ ነው። "ደመናው ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይሄዳል። እኛ ከእሱ ደቡብ ምሥራቅ እንሆናለን። ሁልጊዜ ወደ ደቡብ የሚወጣ መንገድ ሊኖረን ይገባል። ራዳሩ ላይ የምታዪው ደግሞ ያለፈውን ነው፤ ከአምስት ደቂቃ በፊት የነበረ ስዕል ነው። አምስት ደቂቃ ጨምሪበት።"

"በአምስት ደቂቃ ውስጥ የት ይደርሳል?"

"እሱን ነው የምታስቢው።"

ነፋሱ ከኋላቸው ነበር። ሞቃት፣ እርጥብ፣ ሣሩን ሁሉ ወደ ደመናው ያስተኛዋል። ሎሬታ ይህን ስታይ ጀርባዋ ላይ ላብ መጣ። ነፋስ ከማዕበል ወደ ሰው ሲነፍስ ታውቃለች፤ ይኼኛው ግን ወደ ራሱ ይስባል። በደመናው ሆድ ሥር ሰማዩ አረንጓዴ ሆኗል፤ በሽተኛ የሚመስል አረንጓዴ። "በረዶው እዚያ ነው" አለ ዌንደል። ራዲዮው ውስጥ የሰውየው ድምፅ የመንደር ስም ይጠራል፤ መጠለያ ግቡ፣ አሁኑኑ ግቡ ይላል። እነሱ ስሙ ወደ ተጠራው ቦታ ይነዳሉ።

አንድ አስፋልት መንገድ ላይ ሲደርሱ ከማደያው የወጡት መኪኖች ዳር ዳሩን ተሰልፈው ቆመዋል። ዌንደል ፍጥነቱን ቀነሰ። በስተምዕራብ በኩል አንድ የጠጠር መንገድ ይገነጠላል፤ ሁለት ኪሎ ሜትር ሄዶ ወደ ደቡብ ይታጠፋል። መታጠፊያው ላይ ካለው ኮረብታ ሆነው ማንም ሳይጋርዳቸው ያዩታል።

"ሎሬ፣ ስልኩ መንገዱ ወደ ደቡብ ይወጣል ይላል። ካርታው ምን ይላል?"

ካርታውን ጭኗ ላይ ዘረጋች። ጣቷን በመንገዱ ላይ አስኬደችው። መታጠፊያው ድረስ ጥቁር ነው። ከመታጠፊያው ወደ ደቡብ ያለው በቀይ ተሰምሯል። ሣሩ እርጥብ ነው፤ ከአንድ ሰዓት በፊት እዚህ ዘንቧል። "በቃ" የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ደረሰ።

ቀና አለች። የደመናው ወለል ወደ ታች መውረድ ጀምሮ ነበር። አንድ ሰፈር የሚያህል ጥቁር ነገር ቀስ ብሎ ይሽከረከራል፤ ከጠርዙ ነጫጭ ቁርጥራጮች ወደ ላይ እየተሳቡ ይገባሉ። ድምፅ የለውም። ሎሬታ እንደዚያ ፈርታ አታውቅም። ግን ፍርሃቱ ሽሺ አላላትም። ቅረቢ አላት።

"ይወጣል" አለች።

ውሸት አልነበረም። መንገዱ ይወጣል።

ኮረብታው ላይ ቆሙ። ሦስት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ከደመናው ሥር ቀጭን ነገር ወረደ፤ መሬት ሳይነካ አፈሩ ከሥሩ ተነሣ፤ ከዚያ ሁለቱ ተገናኙ። ከኋላው ያለው ሰማይ ጥቁር ስለሆነ ነጭ ነበር፤ የወተት ንጣት ያለው። የስንዴውን ማሳ እያቋረጠ ሲመጣ የሚሄድ ሳይሆን የሚያድግ ይመስላል። ድምፁ እንደ ሩቅ ፏፏቴ ይሰማል። ሎሬታ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ፣ ግማሽ አካሏን አውጥታ ታየው ነበር። ዌንደል ካሜራውን ይዞ በየጊዜው ዞር እያለ ያያታል። ደስ ብሏት እንደሆነ የሚያይ መስሏት ፈገግ አለችለት።

ከዚያ የዝናብ መጋረጃ ከግራ መጣና ሸፈነው።

"የት ሄደ?" አለች።

"አልሄደም። ውስጥ ነው።" ዌንደል ካሜራውን ጣለ። "ራዳሩን እዪ።"

ስልኩ ላይ ያለው ስዕል አልተንቀሳቀሰም። ሰዓቱን አየችው። የሰባት ደቂቃ ስዕል ነው። ሰባት ደቂቃ ጨምራ የት እንደሚደርስ ልታስብ ሞከረች፤ ጭንቅላቷ እምቢ አላት። ያን ጊዜ ከኋላቸው ይነፍስ የነበረው ሞቃት ነፋስ ቀጥ አለ። ሣሩ ቀና ብሎ ቆመ። ዌንደል መሪውን ወደ ደቡብ ጠመዘዘና ነዳጁን ረገጠ።

ሦስት መቶ ሜትር ሄዱ። መጀመሪያ የኋላው ጎማ ሸሸ። ከዚያ መኪናው በሳሙና ላይ እንደተቀመጠ ሁሉ ወደ ጎን ተንሸራቶ፣ አፍንጫውን ወደ ምዕራብ አዙሮ ቆመ። ዌንደል ወደ ኋላ ሞከረ፣ ወደ ፊት ሞከረ። ጎማው ይዞራል፣ ቀይ ጭቃ መስታወቱን ይመታል፣ መኪናው ይሰምጣል። ዝናቡ ውስጥ፣ ከመሬት ጋር ተያይዞ፣ ሰማያዊ ብርሃን ብልጭ አለ። የሚሰበር የኤሌክትሪክ ምሰሶ ነው። ቀጥሎ ሌላ ብልጭ አለ፤ ይኼኛው ቀረብ ይላል።

"ውረጂ።"

"ዌንደል—"

"ውረጂ፣ መንገዱ ዳር ያለው ቦይ ውስጥ።"

ጭቃው ጫማዋን ነጠቃት። ቦዩ ውስጥ ውኃ አለ፤ በደረቷ ተኛችበት። ዌንደል ከላይዋ ተኛ። ፏፏቴ የነበረው ድምፅ አሁን ድምፅ አልነበረም፤ ጥርሷ ውስጥ፣ መሬቱ ውስጥ ነው። ጆሮዋ ተዘጋ። የሆነ ቆርቆሮ እየጮኸ በላያቸው አለፈ። ዌንደል አንገቷ ሥር የሆነ ነገር ይላል። ጸሎት መስሏት ነበር፤ በኋላ ሲጠራ የሰማችው የራሷን ስም ነው። ልቡ ጀርባዋን ይደበድባል። ሃያ ሁለት ዓመት አይፈራም ብላ ያመነችው ሰው እንደ ቅጠል ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሲያልፍ መጀመሪያ የመጣው ሽታ ነው፤ የታጨደ አረንጓዴ ስንዴና የተገለበጠ አፈር። ትንንሽ በረዶ ጀርባቸው ላይ ወረደ። ቀና ሲሉ ፒካፑ እዚያው አለ፤ የኋላው መስታወት ግን የለም። ከመኪናው ሁለት መቶ እርምጃ ወዲያ ማሳው በሰፊው ተልጦ መሬቱ ይታያል።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ አንድ ሰው በትራክተር መጣ። ገበሬ ነው፤ ሃምሳ ቢሆነው ነው፤ ባርኔጣ የለውም፣ ፀጉሩ ላይ የጣሪያ ብናኝ አለ።

"የቆሰለ አለ?"

"የለም፣ እግዚአብሔር ይመስገን" አለ ዌንደል።

"አሳዳጆች ናችሁ።"

"ነን።"

"ዘንድሮ ከዚህች ጭቃ ስጎትት አራተኛዎቼ ናችሁ። ሦስተኛው እንኳ የሚለጠፍ የአሳዳጆች ምልክት ሰጥቶኝ ሄደ።" ሰንሰለቱን አወረደ። "ትራክተሬ ላይ ልለጥፈው ነበር።"

"ቤትህ እንዴት ነው?"

"ቤቱ ቆሟል። የማሽኑ መጋዘን ነው የሌለው። በመንገዳችሁ ካገኛችሁት ንገሩኝ።" ጎንበስ ብሎ ሰንሰለቱን ከፒካፑ ሥር ማሠር ጀመረ። "እናቴ ገና ምድር ቤት ናት። ዘጠና አንድ ዓመቷ ነው። ሰማዩ ካልጠራ አልወጣም ብላ እምቢ አለች።"

አሥሮ ሲጨርስ ቀና ብሎ ሎሬታን አያት፤ ባዶ እግሯን፣ ጭቃውን።

"እኛ ታች ሆነን ድምፁን ብቻ ነው የሰማነው" አለ። "እናንተ አያችሁት?"

"አየነው።"

"ምን ይመስል ነበር?"

"ያምር ነበር" ልትል የመጣላትን ዋጠችው። የሰውየው ዓይን ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ማወቅ ብቻ ነው የፈለገው።

"ነጭ ነበር" አለች።

"ነጭ" አለ ገበሬው። ጥቂት አሰበበትና ትራክተሩ ላይ ወጣ።

አስፋልት ላይ ሲደርሱ ፀሐይዋ ለመግባት ትንሽ ቀርቷታል። በተሰበረው መስታወት ነፋስ እየገባ ለረጅም ጊዜ ነዱ። አንድ መስቀለኛ መንገድ ጋ ዌንደል ቆመ። ወደ ግራ ቤት ነው። ወደ ቀኝ፣ በኦክላሆማ ወሰን በኩል፣ ሌላ ደመና ቀጥ ብሎ ወጥቷል፤ ጫፉ ብርቱካናማ ሆኖ ውስጡ ሳያቋርጥ ይበርቃል። እጁ መሪው ላይ ነው፣ ግራም ቀኝም አላለም።

"በቃ እስክትይ እጠብቅሽ ነበር" አለ። "ኮረብታው ላይ። ዞር እያልኩ አይሽ ነበር።"

"እኔ ደግሞ ደስ ብሎኝ እንደሆነ የምታይ መስሎኝ።"

"እኔ እሱን እያየሁ መፍራት አልችልም፣ ሎሬ። አይመጣልኝም። ቨርን ነው የሚፈራልኝ። ዛሬ አንቺ ትፈሪልኛለሽ ብዬ ነበር።"

ሎሬታ ከእግሯ ሥር የራሰውን ካርታ አነሣች። ጣቷን ያን ጊዜ ባስኬደችበት ቦታ ላይ አደረገችና አሳየችው። ቀዩ ቀለም በውኃው ትንሽ ፈስሷል፤ ቢሆንም መስመሩ ይታያል።

ዌንደል አተኩሮ አየው።

"መቼ ነው ያየሽው?"

"ሳንታጠፍ።"

ከኋላቸው አንድ መኪና መጥቶ ጥሩምባ ነፋ፤ አልፏቸው ወደ ቀኝ ታጠፈ። ባለ ጺሙ ነው፤ እጁን በመስኮት አውጥቶ ኑ የሚል ምልክት ሰጣቸው። ሎሬታ የመኪናውን የኋላ መብራት በዓይኗ ተከተለችው። ደመናው ውስጥ የሆነ ነገር ሲበራ ዝቅ ያለው ወለሉ ታያት፤ ቀስ ብሎ የሚዞር መሰላት። አንገቷ በራሱ ወደዚያ ተዘረጋ። ከቦዩም፣ ከዚያ ድምፅም ይልቅ ይህን ፈራች፤ አንገቷን።

"እንግዲህ" አለ ዌንደል ቀስ ብሎ። እሷን ነው የሚያየው።

"በቃ" አለች። ደገመችው። "በቃ፣ ዌንደል።"

ወደ ግራ ታጠፈ። ሎሬታ ካርታውን አጥፋ ጭኗ ሥር አስገባችው። ደመናውን በጎኑ ማሳያ መስታወት እንዳታይ ሙሉ አካሏን ወደ ባሏ አዙራ፣ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ተቀመጠች። እግሯ በረዳት፤ እሱም አንድ እጁን ከመሪው አንሥቶ ማሞቂያውን ከፈተላት። ሦስት መቶውን ኪሎ ሜትር እንደዚያው ሄዱ።