ደንገል የገባበት ፎም

ሦስተኛው ሰሌዳ ከወገቡ ሲሰበር ያኒና ዓይኗን ጨፈነች። ዋንቻኮ በተባለችው የባሕር ዳር መንደር ማዕበል ላይ የሚንሸራተቱ ልጆች የሚቆሙበትን ሰሌዳ የምትሠራው ሁለት ፈሳሽ ቀላቅላ፣ ሳይገነፍል ቅርጽ ማውጫው ውስጥ በማፍሰስ ነው። ተነፍቶ የሚደርቀው ፎም ጠንካራ ነው፤ ግን እንደ ብስኩት ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ስለዚህ አባቷ ታንኳ ከሚሠሩበት ደንገል ከትፋ ቀላቀለችበት፤ ቃጫው ስንጥቁን ይዞ እንዲያቆመው። የመጀመሪያው ሰሌዳ ግሩም ወጣላት። ተከታዮቹ ሁለቱ ግን ያለ ልክ ተነፍተው፣ ውስጣቸው ጉድጓድ በጉድጓድ ሆኖ ተሰበሩ።

ቅዳሜ የመንሸራተቻ ትምህርት ቤቱ ባለቤት ሮሙሎ ሰሌዳውን ሊፈትን ይመጣል። ካልወደደው ወርክሾፑን ዘግታ ሩቅ ሊማ ከተማ ሄዳ ፋብሪካ መግባቷ ነው። አባቷ ዶን ኤሌውቴሪዮ የሊማ ነገር ሲነሳ ወሬ ይቀይራሉ።

ሐሙስ ማልዳ ወርክሾፑ ብትገባ፣ አባቷ የተከተፈው ደንገል ላይ ጎንበስ ብለው ውሃ ያርከፈክፋሉ። ታንኳ ከመሥራታቸው በፊት ዕድሜ ልካቸውን የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ደረቅ ደንገል ሲያጥፉት ይሰበራላ።

«አባባ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«እያለሰለስኩልሽ ነዋ። እንዲህ አድርቀሽ ነው እንዴ የምትሠሪበት? የመጀመሪያውን ስትሠሪ አላየሁም እንጂ ከዚያ ወዲህ በየማለዳው አርሰዋለሁ።»

ደሟ ፈላ። ያ ፈሳሽ ጠብታ ውሃ ካገኘ እንደሚያብድ ታውቃለች፤ ደንገሉን ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ያሰጣችው ለዚሁ ነበር። ዝም ማለት ፈልጋ አልቻለችም።

«ውሃ ከነካው ፎሙ ያብጣል። ሁለቱንም የሰበሩብኝ እርስዎ ነዎት።»

ሽማግሌው እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉ፣ ደንገሉን በጆንያ ሞልተው ወጡ። አኩርፈው የሄዱ መስሏት አፏን ረገመች። እኩለ ቀን ላይ ጆንያውን ተሸክመው ተመለሱ። ዳቦ ቤቱ ምድጃ አጠገብ ተቀምጠው፣ እየገለባበጡ ሲያደርቁት ነው ያረፈዱት። አራተኛውን ሰሌዳ አብረው አፈሰሱ።

ቅዳሜ ሮሙሎ ሰሌዳውን በሁለት ሳጥን ላይ አጋድሞ፣ ያን ሁሉ ኪሎውን ይዞ ዘለለበት። ተንቋቋ፣ ትንሽ ረገብ አለ፣ ግን አልተሰበረም። አሥራ ሁለት ሰሌዳ አዞ ሄደ።

ያኒና ሰሌዳውን አውርዳ አንዱ ሳጥን ላይ ተቀመጠች። ሐሙስ ዕለት ስለተናገረችው ይቅርታ ልትጠይቅ ስትጀምር አባቷ አቋረጧት።

«ተይው፣ ልጄ። ያን ቀን ዝም ብለሽኝ ቢሆን፣ በገዛ እጄ ነበር ሊማ የምሸኝሽ።»