ማጭዱን የሚስለው ማን ነው?

ልጄን ዋለን ለጦር የሰጠሁት እኔ ነኝ። ሰው «ደርግ ወሰደው» ይለኛል፤ ሊያጽናናኝ ነው። የወሰደችውስ ይቺ ምላሴ ናት። ምላስ አጥንት የላትም፣ አጥንት ግን ትሰብራለች ይባል የለ? የኔዋ የሰበረችው የገዛ ቤቷን ነው።

ጌጡ እባላለሁ፤ ቀጥቃጭ ነኝ። ቤቴ ከዓርብ ገበያ ወጣ ብሎ ገደሉ አፋፍ ላይ ነው። በዚህ አካባቢ ማረሻውን ያላሾልኩለት ገበሬ የለም፤ ከገበታዬ የቆረሰ ግን አንድም የለም። ቡዳ ናቸው ይሉናል። ማጭዱን ከደጅ ያስቀምጡና የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ሸፍነው ይሄዳሉ። አብዮቱ ሲመጣ ቀጥቃጭን መስደብ ክልክል ነው ተባለ። ስድቡ ቀረ፤ ሰውም እንደ ቀረ ቀረ። ሚስቴ ካሣነሽ ስትሞት ቀባሪ እንጂ አልቃሽ አላገኘሁላትም። ከዚያ ወዲያ እኔና ዋለ ብቻ ነበርን። እኔ አወራለሁ፣ እሱ ይሰማል።

ድሮም ተናጋሪ ነኝ። የሚንቀኝን ሰው በምን ልመክተው? ርስት የለኝ፣ ዘመድ የለኝ። ምላሴን ሳልኩ። «የጌጡ ማጭድ ጤፍ ያጭዳል፣ ምላሱ ሰው ያጭዳል» ይሉኝ ነበር። አፈር በበላሁ፣ ደስም ይለኝ ነበር።

ዓይኔ የደከመው በሰባ አምስት ግድም ነው። ብረት ግሎ ውኃ የሚነከርባት ቅጽበት አለች፤ የምትታወቀው በመልኩ ነው። ከቀደምክ ስለት አይይዝም፣ ካሳለፍክ ይሰበራል። እኔ መልኩን መለየት ተሳነኝ፤ ሁሉም ፍም አንድ ሆነብኝ። አንድ ቀን ሁለት ማጭድ አከታትዬ ሰበርኩ። በማግስቱ ዋለ እስከዚያ ይነፋው የነበረውን ወናፍ ለእኔ ትቶ የጋለ ብረት የሚያዝበትን ጉጠት እሱ ያዘ። «እሳቱ ዓይንዎን እንዳያስቸግርዎ ነው» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ብረቱን የሚያግለው፣ የሚነክረው፣ በሞረድ የሚስለው እሱ ነው። ስለቱን በአውራ ጣቱ ዳሰስ አድርጎ ያውቀዋል። እኔ ወናፍ ነፊ ሆንኩ። ሰው ሲመጣ ግን ቶሎ ብሎ ይነሳና መዶሻውን እኔን ያስይዘኛል። ይህን ነገር አንድ ቀን እንኳ ተነጋግረንበት አናውቅም።

በሰባ ስምንት መስከረም ላይ ከየገበሬ ማኅበሩ ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት ይመልመል የሚል ትእዛዝ መጣ። ሰው ልጁን ወደ ቆላ ሲያሸሽ እኔ ዝም አልኩ። ለዝክር ያልቆጠሩን ለጦር ይቆጥሩናል ብዬ መች ጠረጠርኩ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት የማኅበሩ ሊቀ መንበር ዳኛቸው ጸሐፊውን አስከትሎ መጣ። ጭራሽ ከውስጥ ገብቶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«አያ ጌጡ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለኝ። «የዚህን አገር ማጭድና ማረሻ የሚሠራው ማን ነው? እርስዎ ነዎት ወይስ ዋለ?»

በዚያ ሰሞን የእጅ ባለሙያዎች ማኅበር ሊቋቋም ነው ሲባል ሰምቼ ነበር። አለቃውን ሊመርጥ መጣ ብዬ አሰብኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ከሰው ደጅ ስቆም ኖሬ ዛሬ ወንበር ሊሰጠኝ መስሎኝ ልቤ አበጠ።

«ዋለ?» አልኩ። «ዋለማ ወናፍ ነፊ ነው። እሱ የሳለው ማጭድ ቅቤም አይቆርጥ።»

ጸሐፊው ሳቀ። ዳኛቸው ግን አልሳቀም፤ ወደ ልጄ ዞረ።

«ዋለ፣ እንዲህ ነው?»

«አባቴ ካሉ ነው» አለ።

ጸሐፊው ጻፈ፤ እኔም በአውራ ጣቴ ፈረምኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

በሦስተኛው ቀን ዋለን ወሰዱት። ከመኪናው ላይ ሆኖ ያለኝ ይህን ብቻ ነው፦ «ጉጠቱን ከምሰሶው በግራ በኩል ሰቅየዋለሁ፤ ሞረዱ ከሥሩ ነው። በእጅዎ ያገኙታል።»

አጨዳ ሲደርስ ሰው ማጭዱን ይዞ መጣ። ሌላ ቀጥቃጭ ጋ ሄዳ የማታውቀው ባልቴቷ ትርፌ በሳምንቷ ተመልሳ መጣች። «አያ ጌጡ፣ ዘንድሮ እጅዎን ምን ነካው? ማጭዱ ገብሱን ነቀለው እንጂ አላጨደውም» አለችኝ። ክፉ ልናገራት አፌን ከፈትኩና መልሼ ማጭዷን ተቀበልኳት።

ኋላ ዳኛቸውም የራሱን ማጭድ ይዞ መጣ። እኔው ስዬለት የነበረው ነው፤ አሁንም ዱልዱም ነው። አፈርኩ፤ ከማፈሬ ይልቅ ግን ብቻዬን መሆኔ በላኝ። ቁጭ ብሎ የሚያወራኝ ሰው ካገኘሁ ወር አልፎኝ ነበር።

«ዳኛቸው፣ እኔ አላይም» አልኩት። «ሦስት ዓመቴ ነው። የሚስለው ዋለ ነበር።»

ማጭዱን መሬት አስቀመጠ። «ከየማኅበሩ አንድ የእርሻ መሣሪያ ሠሪ እንዲቀር ተፈቅዶ ነበር» አለኝ። «እርስዎ ዕድሜዎ አልፏል። እሱን ላስቀረው ነበር የመጣሁት።»

«ታዲያ ምነው ቀድመህ ብትነግረኝ?»

«ለዋለ ነግሬው ነበር እኮ። ዓርብ ገበያ ላይ አግኝቼው፣ ነገ ከጸሐፊው ጋር እመጣለሁ፣ ሠሪው አንተ መሆንህን አባትህ ይናገሩ ብየው ነበር። እሺ ብሎኛል።»

ያን ዓርብ ከገበያ ሲመለስ አስታወስኩት። ራት ስንበላ ሁለት ጊዜ «አባ» አለኝ። ምንድን ነው ስለው ሁለቴም «ምንም» አለኝ። ምን ብሎ ይንገረኝ? ዓይንዎ ጠፍቷል፣ እጅዎ አይሠራም ሊለኝ ነው። ይህን ለኔ ከማለት ጦር መሄድ ቀለለው።

«አሁን ጻፍልኝ» አልኩት ዳኛቸውን።

«ወረቀቱ ከሄደ ቆየ፣ አያ ጌጡ። የተወሰዱት ልጆችም ኤርትራ ገብተዋል ይባላል።»

አሁን ዓርብ ዓርብ ገበያ እወጣለሁ። ማጭድ ይዞ ለሚመጣ ሁሉ «እኔ አላይም፣ ስለቱ የልጄ ነበር» እላለሁ። አገሩ ሁሉ ሰምቷል። ዋለ ብቻ አልሰማም።