የቨርሊን ጆሮና የኬብሉ መቅጃ

ቨርሊን ሃውገን «የቴሌቪዥኑ ኬብል ይቆረጥ!» ብሎ የተነሳው በረዶ ሊጥል ባለበት ሰሞን፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቁርስ ላይ ነው።

«የመቶ ጣቢያ እየከፈልን የምናየው አራት ጣቢያ ነው» አለ ቂጣው ላይ ቅቤ እየቀባ። «የጣቢያዎቹ ማማ እዚሁ ኮረብታው ላይ፣ ከጭንቅላታችን በላይ ተገትሯል። ይሄን ትቶ ሥዕሉ በሽቦ ዞሮ እስኪመጣ ገንዘብ መገፍገፍ ምን የሚሉት ሞኝነት ነው? አንቴና እንሰቅላለን፣ በነጻ እናያለን፣ አለቀ።»

«መቅጃውስ?» አለች ሚስቱ ማርሊስ።

«ምን አልሽ?»

«መቅጃውስ! ከቴሌቪዥኑ ሥር ያለው ሣጥን!»

«እሱማ የነሱ ነው። ይውሰዱት። ምን ያደርግልናል?»

ማርሊስ ማንኪያዋን አስቀምጣ ባሏን ትኩር ብላ አየችው። ምን እንደሚያደርግለት በሚኖሩባት ዱሉት ከተማ ውስጥ የማያውቅ ሰው ቢኖር እሱ ብቻ ነበር።

ቨርሊን ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የብረት ማዕድን የጫነ ባቡር ከማዕድን ማውጫው ወደ ከተማዋ የሐይቅ ወደብ ሲያወርድ የኖረ ሰው ነው። ጆሮውን የበላው የባቡሩ ሞተር ነው። እሱ ግን ይህን አንድም ቀን አምኖ አያውቅም። ከኬብል ድርጅቱ የተከራዩት መቅጃ በሌላው ሰው ቤት ፊልምና ጨዋታ ቀድቶ ያቆያል፤ በሃውገን ቤት ግን ዋና ሥራው ወደ ኋላ መመለስ ነበር። ዜና አንባቢው አንድ ነገር ይላል። ቨርሊን «ምን አለ?» ይላል። ሪሞቱን ይጫናል፣ ሰውዬው ወደ ኋላ ተመልሶ ያንኑ ይደግማል። ቨርሊን ፊቱን አጨማዶ ያዳምጥና እንደገና ይጫናል። በዚህ ዓይነት ለሌላው ሰው የአንድ ምሽት የሆነ ፊልም ለነሱ የሁለት ምሽት ነው። ማርሊስ በዚያ መመላለስ መሐል የሠራችው የሹራብ ካልሲ ለዘመድ አዝማድ ተዳርሶ ተርፏል። ነገሩ ያንገሸግሻታል። ቢሆንም አንድ የሚያጽናናት ነገር ነበር፤ የሚደግመው ሣጥኑ እንጂ እሷ አይደለችም።

«ያለ እሱ አንድ ዜና አትጨርስም» አለችው።

«እኔ ደህና አድርጌ ነው የምሰማው። ዛሬ ዛሬ ሰው አፉን ከፍቶ አያወራም እንጂ። ሁሉም ያጉተመትማል። በይ ደውይላቸው።»

መደወሉ ሁልጊዜ የእሷ ዕዳ ነው፤ ስልክ ላይ የሚያወራ ሰው ሁሉ ለቨርሊን ያጉተመትማላ። ሙዚቃ እየሰማች ብዙ ከጠበቀች በኋላ ብሬደን የሚባል ድምፁ የለሰለሰ ወጣት አነሳው።

«ኬብሉን ሊያቋርጡ በማሰብዎ በጣም አዝናለሁ፣ እሜቴ። ምን አስቀየመዎት?»

«ምንም አላስቀየመኝም። መቅጃውን ግን ማስቀረት እንችላለን ወይ? እንግዛው።»

«አይሸጥም፣ እሜቴ።»

«ብናስቀረውስ?»

«ያለኛ መስመር አይሠራም። ዝም ያለ ሣጥን ነው የሚሆንብዎት።»

«ውስጡ የቀዳሁትስ? የልጅ ልጄ ያለችበት የትምህርት ቤት ጨዋታ አለ።»

«አብሮ ይጠፋል፣ እሜቴ። ተቆልፎ ነው ያለው። ግን ኬብሉን ቢያቆዩትና የቤት ስልክ ቢጨምሩ...»

«ምን አለ?» አለ ቨርሊን ከሳሎን።

«ስልክ ጨምሩ ይላል!»

«ስንት ጨምሩ?»

«እሜቴ፣ እዚያ ያሉት ባለቤትዎ ናቸው? ለሳቸው የሚሆን የስፖርት ጥቅል...»

ማርሊስ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያም በትዕግሥት «ልጄ» አለችው፤ «ቁረጠው ብዬሃለሁ፣ ቁረጠው። እኔም ቆርጫለሁ።»

ቨርሊን ያን ዕለት ሣጥኑን ከነሪሞቱ በካርቶን አድርጎ መለሰላቸው። ሲመለስ ወረቀት የመሰለች ጠፍጣፋ አንቴና ይዞ መጣና መስኮቱ ላይ ለጠፋት። ሥዕሉ ጥሩ ነበር። ቨርሊን እጁን አጣጥፎ «አየሽ?» አለ፤ ሶፋው ላይ ተደላድሎ ተቀመጠ። የአየር ጠባይ ዘገባ ተጀመረ።

«ምን አለ?»

ከዚያች ቀን ጀምሮ መቅጃው ማርሊስ ሆነች። እሷ የተባለውን ስትደግምለት የሚቀጥለው ያልፋል፤ ያለፈውን ለመገመት ሲከራከሩ ደግሞ ሦስተኛው ያመልጣል። በመጨረሻ ሁለቱም ምንም ሳይሰሙ ዜናው ያበቃል። አንድ ማክሰኞ ምሽት ከሐይቁ ነፋስ የቀላቀለ ዶፍ በረዶ እንደሚመጣ ተነግሮ ኖሮ እነሱ ስለ ግዛቱ አስተዳዳሪ ንግግር ሲነታረኩ አመለጣቸው። በማግስቱ መኪናዋ ደጅ ቆማ በበረዶ ተቀበረች። ማርሊስ አካፋውን ይዛ ስትወጣ ቨርሊን ደጃፉ ላይ ቆሞ «ዛሬ ይጥላል ብሏል እንዴ?» ቢላት አካፋውን እግሩ ሥር ወረወረችው።

«እኔ ሪሞት አይደለሁም!» አለች። «ሰማህ? አይደለሁም!»

ፋርጎ ከተማ ያለችው ልጃቸው ከርስተን ይህን በስልክ ስትሰማ ስቃ ስቃ ስታበቃ፣ «እማዬ፣ የራስሽ የሆነ መቅጃ ይሸጣል እኮ» አለቻት። «አንቴናውን ትሰኪበታለሽ፣ ይቀዳል፣ ወደ ኋላ ይመልሳል። ማንም አይወስድብሽም። እኔ እልክላችኋለሁ።»

መቅጃው በፖስታ መጣ። ቨርሊን እንደ ሕፃን ፈነደቀ። ሲሰኩት ግን ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ሥዕሉ እየተሰባበረ አስቸገረ፤ በጠፍጣፋዋ አንቴና ለሚመጣው ደካማ ሞገድ መቅጃው አልመቸው አለ። ወደ ኋላ ሲመልሱትም የሚመለሰው ያው ስብርባሪው ነው።

«ጣሪያ ላይ ትልቅ አንቴና እሰቅላለሁ» አለ ቨርሊን።

«በዚህ ዕድሜህ ጣሪያ? ባለሙያ እንጥራ።»

ይህችን ሰምቷል፤ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

በረዶው ቀለጥ ባለ አንድ ከሰዓት በኋላ ትልቅ አንቴና ገዝቶ፣ መሰላሉን አስደግፎ ጣሪያው ላይ ወጣ። ማርሊስ ካፖርቷን ለብሳ፣ የአዲሱን መቅጃ ሪሞት ይዛ፣ መስኮቱን ከፍታ ከቴሌቪዥኑ ፊት ቆመች። እሱ ያዞራል፣ እሷ ሥዕሉን ታያለች፣ ጥሩ ሲሆን ትናገራለች። ስምምነታቸው ይህ ነበር።

«ትንሽ ወደ ግራ!» አለች። ሥዕሉ መጣ። የዜና አንባቢዋ የጆሮ ጌጥ ሳይቀር ይታያል። «እሱ ነው! ተወው!»

ሥዕሉ ሄደ።

«ቨርሊን! ተወው! መልሰው!»

ሥዕሉ ተመልሶ መጣ፣ እንደገና ሄደ። ማርሊስ በመስኮት አንገቷን አውጥታ ድምፅዋ እስኪሻክር ጮኸች። ማዶ ያለችው ጎረቤታቸው አርዴል ውሻዋን እየጎተተች ደረሰች።

«ምን ሆናችሁ? ቤቱ ተቃጠለ እንዴ?»

«አንቺዬ፣ እባክሽ ተወው በይልኝ!»

አርዴል አንጋጣ «ተወው ትልሃለች!» ብላ አንባረቀች።

«ምን?»

«ተ-ወ-ው!»

«ማን ነው የተወው?»

ከሦስተኛው ቤት ያለ ሰውዬ በመስኮት ብቅ ብሎ «ተወው ነው የሚሉህ!» አለው። ማርሊስ ግንባሯን መስኮቱ ላይ ደገፈች። ሥዕሉ በአጋጣሚ መጥቶ ቆመ፤ ቨርሊንም ደክሞት ነው መሰል መፍቻውን ኪሱ ከተተ። በቃ፣ ተገላገልን አለች በልቧ።

ያኔ ከሐይቁ በኩል ነፋስ መጣ። መሰላሉ ግድግዳውን እየፋቀ ተንሸራቶ በጎረቤት አጥር ላይ ወደቀ። ድምፁ ውሻውን እንኳ አስደነገጠው። ማርሊስ ወደ ደጅ ስትሮጥ ያየችው፣ ቨርሊን ጀርባውን ለሰማይ ሰጥቶ፣ በሆዱ ተኝቶ ወደ ጣሪያው ጠርዝ ሲንሸራተት ነው። አንድ ጫማው በአየር ላይ የመሰላሉን ደረጃ ይፈልጋል። አልሰማም። መሰላሉ ቆሞ በነበረበት ቦታ ያለ ነው የመሰለው።

«ቨርሊን!»

እግሩ ሌላ ስንዝር ወረደ። ሁለተኛውን እግሩንም አስከተለ።

ማርሊስ እጇ ላይ የነበረው ሪሞቱ ነው። ባላት ኃይል ሁሉ ወረወረችው። ትከሻው ላይ አርፎ፣ ወደ መሬት ተመልሶ ተከሰከሰ። ቨርሊን ተናዶ ዞር አለ። መጀመሪያ ሚስቱን አየ፤ ከዚያ በእጇ ወደምታሳየው አየ፤ ከዚያ ከጫማው ሥር ያለውን ባዶ። ሳያስበው ሁለት እጁን የአንቴናው ምሰሶ ላይ ጠመጠመ።

ሁለቱ ሴቶች መሰላሉን መልሰው አቆሙለትና ግራና ቀኝ ያዙለት። ሲወርድ ፊቱ አመድ መስሏል። የደጁ ደረጃ ላይ ተቀመጠ። አርዴል ማየት የሌለባትን እንዳየች ገባትና ውሻዋን ይዛ ሄደች።

ማርሊስ ልትጮህበት ተዘጋጅታ ነበር። የምትለው ሁሉ አፏ ላይ ተሰልፎ ነበር፤ እሱ ግን ቀደማት።

«መሰላሉ ሲወድቅ አልሰማሁም» አለ ቨርሊን፣ ጫማውን እያየ።

«እኔ ስጠራህስ?»

ራሱን ነቀነቀ። «ምንም አልሰማሁም፣ ማርሊስ። ዛሬ ብቻም አይደለም» አለ።

እንዲህ ሲል ሰምታው አታውቅም። ከአጠገቡ ተቀመጠች። ንዴቷ አልወጣላትም፤ ግን እጁን ያዘችው።

ሰኞ ዕለት ራሷ ደውላ ሐኪም ቤት ወሰደችው፤ ጥቂት ቆይቶም ከጆሮው ኋላ የምትደረግ ትንሽ የመስሚያ መሣሪያ አደረጉለት። ደንቆሮ የሰማ ዕለት ያብዳል እንዲሉ፣ ቨርሊን ቤቱን አመሰው። ማቀዝቀዣው ይጮሃል። ቧንቧው ይንጠባጠባል። የማርሊስ የሹራብ መርፌ እንደ ባቡር ሐዲድ ይንኳኳል። ድንች በሥጋ ጋግራ ስታቀርብለት «የራሴ ማኘክ አላስበላ አለኝ» ብሎ ሹካውን አስቀመጠ። ማርሊስ እግዚኦ አለች። ቢሆንም አንድ ምሽት አንድ ፊልም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳይቆም ሄደና፣ የተዋንያኑ ስም መውረድ ሲጀምር ቨርሊን «አለቀ እንዴ?» ብሎ ደነገጠ።

አዲስ ሪሞት ኅዳር ላይ ከሚውለው የምስጋና በዓል በፊት መጣ። አርዴል ደግሞ ነገሩን ስታብሰለስል ከርማ አንድ ቀን በሩን አንኳኳች።

«እኔም ኬብሌን ልቆርጠው ነው» አለች። «ቨርሊንዬ፣ ጣሪያዬ ላይ አንቴና ታወጣልኛለህ?»

ቨርሊን ሰምቷል፤ በደንብ ሰምቷል። አፉን ሲከፍት ግን ማርሊስ ቀደመችው።

«አያወጣም» አለች። «ግቢ፣ ብርድ ነው። የባለሙያ ስልክ እሰጥሻለሁ።»