ነብሯ ካሜራ ፊት

ከሥራ በኋላ ሂሳብ የምታስተምራቸው ጎልማሶች መምህራቸውን «ነብሯ» ይሏታል። ታውቃለች፤ ደስም ይላታል። ክፍል ውስጥ እያለች ማስተማሯ በእግሯ ነበር። በወንበሮቹ መሃል ትዞራለች፣ ግራ የገባው ተማሪ ካየች አጠገቡ ቆም ትላለች። ራሱ እስኪጠይቅ ትንፍሽ አትልም።

ትምህርቱ ወደ ኢንተርኔት ሲዞር ግን በየት በኩል ትዙር? ስክሪኑ ላይ ያለው ስም የተጻፈበት ጥቁር ሳጥን ብቻ ነው። እሱም በየሳምንቱ ይቀንሳል። ኃላፊዋ ቁርጡን ነገራት፤ ተማሪው በዚሁ ከቀነሰ ኮርሱ ይዘጋል፣ እሷም ያለጊዜዋ ጡረታ ትወጣለች። ስለ ኢንተርኔት ማስተማር የተጻፈ ወፍራም መጽሐፍም ሰጣት። መምህርና ተማሪ እንዴት እንደሚቀራረቡ የሚያስረዳ ምዕራፍ አለው፦ ካሜራውን እዩ፣ ፈገግ በሉ፣ በስም ጥሩ፣ ቀልድ ጣል አድርጉ።

አይ መጽሐፍ! ነብሯን ቀልጂ አላት። ልምምዷን ሶፋ ላይ ሆና ያየች ታናሽ እህቷ በሳቅ ፍርስ አለች።

«እትዬ፣ በሞቴ ተይው። የጥርስ ሐኪም ፊት የተቀመጥሽ ነው የምትመስይው።»

«መጽሐፉ ነው ያለው፣ ዝም በይ።»

በማግስቱ ፈገግ አለች። ቀልድም ጣለች፤ እዚያው ወድቆ ቀረ። በስም መጥራት ስትጀምርማ ጭራሽ ባሰ። ነብሯ ስም ከጠራች በጥያቄ ልታፋጥጥ ነው ብለው ሁለት ተማሪዎች እግሬ አውጪኝ አሉ።

«እኔ መሳቅ አልችልበትም» አለቻት ማታ ለእህቷ። «የማውቀው አጠገባቸው መቆም ነው።»

«ታዲያ ቁሚያ» አለች እህቷ ሳህን እያነሳች።

በሚቀጥለው ቀን ትምህርቱ ሲያልቅ ነብሯ ስክሪኑ ላይ ያለውን የትምህርቱን መስኮት አልዘጋችም። «እዚሁ ሆኜ ፈተና አርማለሁ። የፈለገ ይሂድ፣ የፈለገ ይቀመጥ። ማንንም አልጠይቅም» አለች። ሳጥኖቹ ተራገፉ። የአንዲት ነርስ ሳጥን ብቻ ቀረ። ነብሯም፣ ነርሷ ዘግታ መውጣቱን ረስታው ይሆናል ብላ እርማቷን ቀጠለች። በሌላው ቀንም ነርሷ ቀረች፤ ሌሎች ጥቂት ሰዎችም አብረዋት ቀሩ። ወረቀት ሲገለበጥ ብቻ ይሰማል።

በመጨረሻ የነርሷ ድምፅ መጣ። «ቲቸር፣ አሉ?»

«አለሁ።»

«ላቋርጥ ወስኜ ነበር። ከምዕራፍ አንድ ጀምሮ ምንም አልገባኝም። ከእኔ በቀር ሁሉም የገባው ስለመሰለኝ አፈርኩ።»

«እኔም አልገባኝም» አለ ሌላው፣ ካሜራውን ከፍቶ። «እኔም» አለ ሦስተኛው። ወዲያው ለሸሹት ጓደኞቹ ደወለላቸው መሰለኝ፣ ሁለቱም ተመልሰው ገቡ።

«ለካ ብቻዬን አልነበርኩም» አለች ነርሷ።

«እኔም ብቻዬን የቀረሁ መስሎኝ ነበር» አለች ነብሯ። ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ። እንዲህ ስትሆን ሰምተዋት አያውቁም፤ ሌሎቹም አንድ በአንድ ካሜራቸውን ከፈቱ። ፊታቸውን ስታይ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ጠረግ አደረገች።

«በሉ» አለች፣ «ምዕራፍ አንድን አውጡ።»