የአያ ውድነህ ቆሽት

ሰው ሲናደድ «ቆሽቴ አረረ» ይላል እንጂ ቆሽቱ የት ጋ እንደተሸጎጠ ማን ያውቃል? ሐኪሙ ስማቸው ግን ያውቅ ነበር። ጎንደር ውስጥ፣ ሐኪም በሚሠለጥንበት ሆስፒታል፣ ከአንድ ፈረንጅ ፕሮፌሰር ጋር የቆሽት ነቀርሳን የሚያጠና የአገር ልጅ ሐኪም ነበር፤ የአዘዞ ቄስ ልጅ። ጥናቱ ሸጋ ጥናት ነበር። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቆሽት።

በሽተኛማ አልጠፋም። ዓይኑ ቢጫ የሆነ፣ ሕመሙ ከሆዱ ወደ ጀርባው የሚወጋው፣ ሥጋው አልቆ አጥንቱ የቀረ ገበሬ ከደጋው በቃሬዛ ይመጣል። ዘመድ አስቀድሞ «የወፍ በሽታ ነው» ብሎ ሥር አጠጥቶታል፣ ክንዱን በእሳት ተኩሶታል። እዚህም መድኃኒት የለውም። ቤተሰቡ እንደማይድን ሲሰማ ሰውየውን አንስቶ አገሩ ይመልሰዋል፤ እዚያ ይሞታል፣ በደብሩ ይቀበራል። «ስንቱ ቆሽቱን ይዞ አፈር ገባ!» እያለ ስማቸው ይቆጭ ነበር። ለሟቹ ያዘነ እንዳይመስላችሁ። ፕሮፌሰሩ ወደ አገሩ ሊመለስ ነው፤ አንድ ቆሽት እንኳ ሳያይ ከሄደ ጥናቱም የስማቸው ስምም ውኃ በላቸው።

አያ ውድነህ ከኮሶዬ የመጣው በዚህ መሀል ነው። ያመጡት ሚስቱ እንኳየሁና አንድ ልጁ በላቸው ናቸው። ስማቸው የሽማግሌውን ሆድ ቢዳስስ እጢው ከጣቱ ሥር ድንጋይ ሆኖ ተገኘ። ደስ አለው። ምን ልዋሽ፣ ደስ አለው።

ዓርብ ዕለት እንኳየሁ ነጠላዋን አደግድጋ ቀረበችው።

«ጌታዬ፣ እንደማይድን ገብቶናል። ነገ ይዘነው እንሂድ፤ እሑድ እርቅ አለበት።»

«የምን እርቅ?»

ነገረችው። ጣልያን በወጣ ማግሥት አያ ውድነህ በድንበር ጠብ የጎረቤቱን የቢያዝንን ወንድም ገድሏል። ታሰረ፣ ተፈታ፤ ደሙ ግን አልደረቀም። ከስንት ዓመት ልመና በኋላ ሽማግሎች ቢያዝንን እሺ አሰኙት። «ገዳዩ ራሱ ድንጋይ ተሸክሞ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እግሬ ላይ ይውደቅ፣ እምራለሁ» አለ። ራሱ! ምትክ አይቀበልም። ገዳዩ ከቀረ ደሙ ወደ ልጁ ይሻገራል።

«ያለኝ እሱ ብቻ ነው» አለች፣ በላቸውን በአገጯ እያሳየች። «አባቱስ ሞቱ አይቀርም። በቃሬዛም ቢሆን ደርሶ ይውደቅለትና ይሙት።»

ስማቸው የቄስ ልጅ ነው፤ ደም ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስተማሪ አይሻም። ፈረንጁ ቢሆን ላይገባው ይችላል። እሱ ግን ገብቶታል፤ ክፋቱ እሱ ነው።

«እሺ፣ ነገ የሆስፒታሉ ማኪና ያደርሳችኋል» አላት። እንኳየሁ ጎንበስ ብላ ጉልበቱን ሳመች።

ቅዳሜ ጧት ማኪና የለም። «ቤንዚን ሊሞላ ሄዷል» አለ ስማቸው። ረፋዱ ላይ «ጎማው ተነፈሰ» አለ። ማኪናው እኮ ከግቢው ጀርባ ቆሟል! ቀትር ሲሆን በላቸው ተንኮሉን ነቃበት፤ ገበያ ወርዶ ያገሩን ሰዎች ጠርቶ መጣ። ቃሬዛውን አነሱ። አያ ውድነህ «ተመስገን» አለ።

ከበሩ ሊወጡ ሲሉ ስማቸው ነጭ ጋዋኑን እያርገበገበ ሮጦ ደረሰባቸው።

«በንጉሥ አምላክ! በንጉሥ አምላክ ንቅንቅ እንዳትሉ!»

እግራቸው ተተከለ። በዚያ ዘመን በንጉሥ አምላክ የተባለ ሰው ከዳኛ ፊት ሳይቀርብ አይንቀሳቀስም፤ ከተንቀሳቀሰ ንጉሡን ደፈረ ማለት ነው። ቃሉ ለገበያ ተደባዳቢና ለድንበር ገፊ የተበጀ ነው። ሊሞት ያለን ሰው የያዘበት ስማቸው የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

«ምነው ጌታዬ? ምን በደልን?» አለች እንኳየሁ።

«በሽታው ሳይጣራ አይወጣም። ካልሆነ ዳኛ ይፍረድ።»

ዳኛ! ቅዳሜ ከሰዓት! ፍርድ ቤቱ ተዘግቷል፤ እስከ ሰኞ አይከፈትም። ስማቸው ይህን አጥቶት ነው? ሌላ አገር ሰው ቢሆን ስቆበት ባለፈ። እነዚህ ግን የደጋ ሰዎች ናቸው፤ ሕግ ሲጠሩባቸው ይቆማሉ። አንድ ዘበኛ እንኳ አልነካቸውም። በላቸው ጥርሱን ነክሶ ቃሬዛውን መሬት አሳረፈ። አያ ውድነህ ብቻ «ተሸከሙኝ ግዴላችሁም! ከቀጣ እኔን ይቅጣኝ!» እያለ ይለምን ነበር። የሰማው የለም።

በላቸው ዳኛውን ፍለጋ ቤታቸው ድረስ ሄደ። «ለቅሶ ወጥተዋል» ተባለ። ደጁ ላይ ቁጭ ብሎ አመሸ፤ ዳኛው አልመጡም።

እሑድ፣ ኮሶዬ ላይ ሽማግሎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተሰብስበው መንገድ መንገዱን ሲያዩ፣ አያ ውድነህ ሞተ። ስማቸው ሬሳውን ለመስጠት አልዘገየም፤ የሚሻውን ግን አስቀድሞ ወሰደ። ሆዱን መልሶ ሰፋው፣ ሬሳውን ራሱ ገነዘውና «እኔም የቄስ ልጅ ነኝ፣ በወጉ ገንዤዋለሁ፤ እንዳትፈቱት» አላቸው። አመሰገኑት። አዎ፣ አመሰገኑት! ማኪናውም ያን ቀን ተገኘ። ፕሮፌሰሩ ጠርሙስ ውስጥ ያለውን ቆሽት በመስኮቱ ብርሃን እያገላበጠ አየና የስማቸውን ትከሻ መታ መታ አደረገ።

ቢያዝንን ሽማግሎቹ ለመኑት። «በንጉሥ አምላክ ተይዞ ነው፤ ሊመጣ ተነሥቶ ነበር» አሉት።

«ወንድሜን ሊገድል ሲመጣ ማን ያዘው?» አለ። «ንቆኝ ኖረ፣ ንቆኝ ሞተ።»

አርባው ሳይወጣ በላቸውን እርሻው ላይ አድፍጦ ደረቱን በጥይት መታው።

በጥይት የሞተ በሕግ ይመረመራል፤ ፖሊስ ሬሳውን እዚያው ሆስፒታል አመጣው። መርማሪው ስማቸው ነበር። ጨርቁን ሲገልጥ ልጁን ለየውና ጨርቁን መልሶ ጣል አደረገበት። ፕሮፌሰሩ የማን ልጅ መሆኑን ሲሰማ ግን ዓይኑ በራ።

«የልጁም ይታይ እንጂ! በዘር የሚተላለፍ እንደሆነ እንወቅ» አለ።

ጥይቱ የገባው በደረት ነው፤ ሆዱን የሚያስከፍት አንዳች ምክንያት አልነበረም። ስማቸው እምቢ አላለም፤ ከፈተው።

ሲወጣ እንኳየሁ ፊቷን ነጭታ ከደጅ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ድምፅዋ ከለቅሶ ብዛት ተዘግቷል። ዝም ብሎ ማለፍ አልሆነለትም፤ አፉ ላይ የመጣለትን ተናገረ።

«እናቴ፣ ያባቱ በሽታ አልነበረበትም። ቆሽቱን አይቼዋለሁ፤ ንጹሕ ነው።»

ቀና ብላ አየችው።

«ንጹሕ መሆኑንማ ብትጠይቀኝ እኔ እነግርህ ነበር» አለችው።