የኅዳር አሥራ ሁለት ስብሰባ

ጓድ ኃይለኪሮስ በቀበሌያችን በሽታ የሚባል ነገር እንዲኖር አልፈቀደም ነበር። ቀልዴን አይደለም። በ1976 ዓ.ም. ኅዳር እንደገባ ገርጂ ውስጥ ኢንፍሉዌንዛ ተነስቶ በአንድ ሳምንት ሠላሳ አንድ ሰው አስተኛ፣ ሁለት ሽማግሌዎችም ሞቱ። የቀበሌው ጤና ረዳት ነኝና የሁሉንም ስም ጽፌ ለሊቀመንበራችን ለጓድ ኃይለኪሮስ ወሰድኩለት። አነበበና ወረቀቱን መለሰልኝ።

"ጉንፋን ነው፣ ጓድ ትበርህ።"

"ጉንፋን በሳምንት ሁለት ሰው ይገድላል እንዴ?"

"የገደላቸው እርጅና ነው፤ የሞት ወረቀታቸው ላይም እንደዚያ ብለሽ ትፈርሚያለሽ። የአሥረኛው የአብዮት በዓል እንግዶች የሚገቡት በቦሌ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ወረርሽኝ ገባ የሚል ወሬ ከዚህ ቢሮ አይወጣም።"

ይባስ ብሎ ስለ በዓሉ ዝግጅት ለመወያየት ለኅዳር አሥራ ሁለት ጠቅላላ ስብሰባ ጠራ። ለአቅመ አዳምና ለአቅመ ሔዋን የደረሰ ሁሉ ይገኛል፤ የቀረ ከቀበሌው ሱቅ ስኳርም ሳሙናም አያገኝም። አዳራሹን አውቀዋለሁ። አራት መቶ ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ ግማሽ ቀን አንዱ የአንዱን ትንፋሽ ሲምግ የሚውልበት ቤት ነው።

ከቢሮው ወጥቼ በንዴት እንደነደድኩ እማማ ሐሊማ ቤት ገባሁ። እማማ ሐሊማ የሰባ ሁለት ዓመት የወሎ ሴት ናቸው። የኅዳር በሽታ በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን ሲፈጅ የሰባት ዓመት ልጅ ሆነው እዚሁ ከተማ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ከተማው በየዓመቱ ኅዳር አሥራ ሁለት ቀን በየደጁ ቆሻሻ ያቃጥላል፤ "ኅዳር ሲታጠን" ይባላል።

"እማማ፣ ያኔ ያተረፋችሁ ጢሱ ነው?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

"ጢስ!" አሉና ሳቁብኝ። "ጢሱንማ እናቴም አጢሳለች። እናቴን የገደላት ለቅሶ ነው። ጎረቤት ሞተ ሲሏት ሄዳ ከሰው ጋር ተቃቅፋ ስታለቅስ ዋለች፤ በሦስተኛው ቀን ወደቀች። ሁለቱ ወንድሞቼ ደግሞ በውሃ ጥም ሞቱ። ሁላችንም ተኝተን፣ ውሃ የሚያቀብል ጠፍቶ። እኔን አንዲት የማላውቃት ሴት አተረፈችኝ። በሩን በእግሯ ገፋ ታደርግና ውሃውን አስቀምጣ ትሄዳለች። አንድ ቀን እንኳ አልገባችም። ስልሳ አምስት ዓመት ሙሉ ጢሱን ይዛችሁ ውሃውን ረሳችሁት፣ ልጄ።"

ለጤና ረዳትነት ስማር ማንም እንዲህ አድርጎ አልነገረኝም። አፈርኩ። ወዲያው ደግሞ አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ። ጢሱ በሽታ ባያባርርም፣ ሰውን በየደጁ ያውላል። የጽዳት ዘመቻ ደግሞ የመንግሥት መመሪያ ነው። ደጁን በመጥረጉ የሚታሰር ሰው የት አገር አለ?

ሁለት ቀን ቤት ለቤት ዞርኩ። "ኅዳር አሥራ ሁለት ከደጃችሁ ንቅንቅ እንዳትሉ። ቆሻሻችሁን ቀስ ብላችሁ እስኪመሽ አቃጥሉ። ጎረቤት ከታመመ ውሃና አጥሚት በሩ ላይ አስቀምጡና ተመለሱ፤ አትግቡ" አልኩ። ብዙው ሰው እሺ አለ። የእድራችን ዳኛ ወይዘሮ ዘርፌ ግን ተቆጡ።

"የታመመ ሰው ሳንጠይቅ? እንደ ውሻ ደጅ ላይ አስቀምጠንለት? ነውር አይደለም እንዴ?"

"ነው። ነውሩን በእኔ ላይ ያድርጉት።"

እየተቆጡም ቢሆን በየበሽተኛው በር የሚያስቀምጡትን ውሃ ሊቀዱ እንስራቸውን አንስተው ሄዱ።

ኅዳር አሥራ ሁለት ጠዋት ገርጂ በጢስ ታፈነች። የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ሦስት ጊዜ ተጣራ። ሰው ሁሉ መጥረጊያውን እንደያዘ፣ በትሕትና፣ "እያጸዳን ነው ጓድ! ጨርሰን እንመጣለን!" ይላል። ማንም አልጨረሰም። ጎረቤቴ አብዱልሰላም የሚያቃጥለው ቢያጣ የገዛ አጥሩን እየነቀለ ይማግድ ጀመር። እንደዚያ ቀን በሰፈሬ ኮርቼ አላውቅም።

ስምንት ሰዓት ላይ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች መጥተው አዳራሹ ወሰዱኝ። ጓድ ኃይለኪሮስ ከባዶው ወንበር ሁሉ ፊት ለብቻው ተቀምጧል።

"ማነው ያሳደማቸው?"

"እኔ ነኝ።" አልኩት። "ከአሁን ወዲያ ለሚሞት ሰው እርጅና ነው የሚል ወረቀትም አልፈርምም።"

ይጮሃል ብዬ ስጠብቅ ፈገግ አለ። "እንግዲያው ሕዝቡ መጥቶ እስኪሰበሰብ ከዚህ አትወጪም። ከወደዱሽ ይምጡና ይውሰዱሽ።"

ከውጭ ቆለፈብኝ። ሰውየው ሞኝ አይደለም፤ ሰፈሩን ያውቀዋል። ሰው ታሰረ ሲባል ቁጭ የሚል ሰፈር አይደለም የእኛ። እስሩ አይደለም ያስፈራኝ፣ የእነሱ መምጣት ነው።

አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ስሜን ሰማሁ። እማማ ሐሊማ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ አስረው፣ ከመስኮቱ አሥር እርምጃ ያህል ርቀው ቆመዋል።

"ልጄ፣ ሰው ተነስቷል። ሄደን እናስፈታት ብሏል። ዘርፌማ ለባብሳ ጨርሳ ደጅ ቆማለች። የሚያስለው ሳይቀር ልምጣ እያለ ነው። እንምጣልሽ?"

መውጣት ፈልጌ ነበር፤ እንዴት አድርጌ ልዋሽ? አዳራሹ ይበርዳል፣ ነገ ምን እንደሚያደርጉኝ አላውቅም፣ እናቴ ቤት ብቻዋን ናት። አፌን ከፍቼ "አዎ" ልል ምንም አልቀረኝም። ዞር ብዬ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የተደረደረውን ወንበር አየሁ። እያንዳንዱ ላይ ማን እንደሚቀመጥ አውቀዋለሁ።

"በአላህ ይዤዎታለሁ፣ እማማ! አንድ ሰው እንኳ እንዳይመጣ። በየደጃቸው ይቀመጡ።"

"አንቺስ?"

"እኔ ስለ ሁላቸውም ተሰብስቤያለሁ፤ እንደዚያ ብለው ይንገሩልኝ" አልኩና ሄጄ ከፊተኛው መስመር ተቀመጥኩ።