ደብዛዛዋ ጣረ ሞት

በአስቂኝ ፊልም ላይ ሰው ሳይስቅ ሲቀር ያበሳጫል። በአስፈሪ ፊልም ላይ ሰው ሲስቅ ግን፣ ኧረ እሱስ ለጠላትም አይስጥ! ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ለሙከራ የተጠሩት አርባ ተመልካቾች የሳቁት የዋዛ ሳቅ አልነበረም። ጣረ ሞቷ ከኮሪደሩ ጫፍ እየተንሳፈፈች መጥታ፣ ፊቷን ካሜራው ላይ ልጥፍ አድርጋ ስትጮህ፣ አንዱ ከኋላ «ወይ ጉዴ፣ መነጽሬን ቤት ረሳሁት እንዴ?» አለ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሰውየው እውነቱን ነበር፤ ጣረ ሞቷ ከመደብዘዟ የተነሣ ከድስት የሚወጣ እንፋሎት ነበር የምትመስለው።

መቀስ መጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ይህንን ሁሉ ሰማች። መቀስ የሚሏት ሥራዋ ኤዲቲንግ ስለሆነ ነው፤ የተቀረጸውን ትቆርጣለች፣ ትቀጥላለች። ታዲያ ያቺን ደብዛዛ ምስል የመረጠቻት እሷ አልነበረችም። በፍጹም! ካሜራማኑ ጣረ ሞቷን ሰባት ጊዜ ቀርጿታል። ስድስቱ ጥርት ያሉ ናቸው፤ የደበዘዘው ሰባተኛው ብቻ ነው። መቀስ ሦስተኛውን አስገብታ ነበር። «አይ፣ ሰባተኛውን አድርጊው» ያላት የፊልሙ ዳይሬክተር ነው። ዳይሬክተሩ ደግሞ ታላቅ ወንድሟ ነው፣ ጋሼ።

አዳራሹ ሲስቅ ግን ፕሮዲዩሰሩ ዞር ብሎ በክፉ ዓይን ያየው ጋሼን አይደለም። እሷን ነው።

ነገሩ ለምን እንቅልፍ እንደነሳት ልንገራችሁ። ስለ አራዊትና ስለ ወንዞች ዘጋቢ ፊልም የሚሠራ አንድ ስቱዲዮ ከሁለት ወር በፊት አነጋግሯታል። «ይሄ ፊልምሽ ይውጣና እንየው፤ ከዚያ ወዲያ የእኛ ነሽ» ብለዋታል። እንግዲህ ፊልሙ ያ ሆኖ አረፈው! በዚህ ሙያ ደግሞ አንድ ጊዜ «ዓይን የላትም» የተባለች ኤዲተር አበቃላት፤ የሠርግ ቪዲዮ እንኳ የሚሰጣት የለም። ፕሮዲዩሰሩም «ቅዳሜ በአምስት ሰዓት እመጣለሁ፤ ያንን ምስል ማን እንደመረጠው ፊት ለፊት ትነግሩኛላችሁ» ብሎ ቀጥሯል።

ጋሼ እናትና አባታቸው ከሞቱ በኋላ ያሳደጋት ሰው ነው። ፀጉሯን የሚጎነጉንላት፣ ትከሻው ላይ ተሸክሞ ሲኒማ ቤት የሚወስዳት እሱ ነበር። ስለዚህ ፊልሞቹን መናቅ ለእሷ ቀላል አልነበረም፤ ግን የማይናቁ አልነበሩም፣ ምን ታድርግ? ታሪክ የላቸው፣ ሰው የላቸው፣ ያላቸው ብልሃት ብቻ ነው። ለመጀመሪያው ፊልም ቀይና ሰማያዊ የፕላስቲክ መነጽር አደለ። በቀዩ ሲያዩ ሙታኑ ይታያሉ፣ በሰማያዊው ሲያዩ ይጠፋሉ ተባለ። ሰዉ በሁለቱም ራስ ምታት ብቻ ይዞ ወጣ። በሁለተኛው ፊልም ከጣሪያው ላይ በሽቦ የሚበር አጽም አዘጋጀ፤ አጽሙ መንገድ ላይ ተሰናክሎ ዳቦ በሥጋ የሚበላ ወፍራም ሰውዬ አናት ላይ ተንጠለጠለ። ሰውየው ቀና ብሎ «ወንድሜ፣ ታልፋለህ ወይስ ላካፍልህ?» አለው። በሦስተኛው አዳራሹን በጭስ ሞላው። ሕዝቡ እያሳለ ወጣ፤ ለእሱም «ጋሽ ጭሱ» የሚል ስም ወጣለት። በአሁኑ፣ በአራተኛው፣ በየአሥር ደቂቃው አንድ ፊት ካሜራው ላይ ዘሎ ጉብ ይላል፤ ያ ሲያልቅ ስክሪኑ በቀይ ይጥለቀለቃል። ይኸው ነው።

ያም ሆኖ ጋሼ ሥራውን ያውቅ ነበር። ጥርት ያለና የደበዘዘ ምስል መለየት ያቅተዋል ማለት ዘበት ነው። መቀስን ያብከነከናት ይሄ ነው።

ጥርጣሬ ደግሞ አንዴ ቤት ከገባ የማይወጣ እንግዳ ነው። ማክሰኞ ማታ ሁሉንም ወደ ኋላ ማሰብ ጀመረች። የስቱዲዮውን ነገር ስትነግረው «እንኳን ደስ አለሽ» ያላት በከንፈሩ ብቻ ነበር። ከዚያ ሳምንት ወዲህ ነው የመረጠችውን ሁሉ ማስለወጥ የጀመረው። መጀመሪያ የወጥ ቤቱን ምስል አስለወጠ፣ ቀጥሎ የደረጃውን፣ ከዚያ ጣረ ሞቷን። ሁልጊዜም አንድ ዓይነት ነው የሚላት፦ «ድምጿን ስሚ እስቲ፤ ነፍስ ያላት ይቺኛዋ ናት።» ተለውጣ የገባችው ሁሉ ደብዛዛ ናት፣ ወይም ጨለም ያለች፣ ወይም የካሜራማኑ ጥላ የገባባት።

ደግሞ ስልኩ አለ። ባለፈው ሳምንት ደረጃው ላይ ቆሞ «እሷ አታውቅም… አይ፣ እሷ ካወቀች አለቀ» ሲል ሰምታዋለች። የጫማዋን ኮቴ ሲሰማ ዘጋው። ከማን ጋር ነበር? ከፕሮዲዩሰሩ ጋር ይሆን? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ስለ እሷ ምን እየተባለ እንደሆነ በምን ታውቃለች?

መሐላውም ተለውጧል። ጋሼ ድሮ ትንሽ ነገር ስትጠይቀው «ዋሽቼሽ ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!» ነበር የሚለው፤ ልጅ ሆና እሷም ከእሱ ለምዳ አስተማሪዎቿን ታስቅ ነበር። አሁን ያቺን መሐላ አፉ ላይ ከሰማቻት ስንት ጊዜዋ! የሚዋሽ ሰው መሐላ ይመርጣል አለች በሆዷ።

ሐሙስ ላይ ቁርጡን ለራሷ ነገረች። «ሊያስቀረኝ ነው። ስሜን አጥፍቶ እዚሁ ጉያው ሥር ሊያስቀረኝ ነው።» ይህንን ባሰበች ጊዜ ወንድሟን ጠላችው። ጠላችው ስላችሁ፣ ለአንድ ቀን ሙሉ ስልኩን አላነሳችም።

አርብ ዕለት ወጥመድ ሠራች። የኮሪደሩን ትዕይንት ወስዳ ምስሉን በሙሉ አጠፋችውና ድምጹን ብቻ ተወችው። ሁለት ደቂቃ ሙሉ ጥቁር ስክሪን፣ ከኋላው ኮቴ፣ ትንፋሽና የበር ሲጥሲጥታ። ሐሳቧ ግልጽ ነበር፤ ጋሼ ይህንን ጥቁር ነገር «ጥሩ ነው» ብሎ ካጸደቀው፣ ፊልሙን ሆነ ብሎ እየገደለው እንደሆነ እጅ ከፍንጅ ተያዘ ማለት ነው። ያኔ ፕሮዲዩሰሩ ሳይመጣ አንገቱን ይዛ ታናዝዘዋለች።

ጋሼ ቅዳሜ በአራት ሰዓት መጣ። ኤዲቲንግ ክፍላቸው ከጎሚስታ ቤት በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ግድግዳው ላይ ድምጽ እንዲውጥ ስፖንጅ ቢለጥፉበትም፣ ከታች ጎማ ሲደበደብና መንፊያው ሲያጓራ እንዳለ ይሰማል። መስኮቱ ተከፍቶ ፀሐዩ ጠረጴዛው ድረስ ገብቷል። ጋሼ የወንበሩን መደገፊያ በእጁ ዳሰስ አድርጎ ተቀመጠ።

«የኮሪደሩን እንደ አዲስ ሠርቼዋለሁ፤ እይልኝ» አለችው።

«አምጪው እስቲ።»

ፊልሙን አስጀመረችው። ጋሼ ወደ ፊት ጎንበስ አለ። ኮቴው ሲመጣ በጣቱ ጉልበቱን እየመታ ቆጠረ። ትንፋሹ ሲሰማ የራሱን ትንፋሽ ያዘ። በሩ ሲጢጥ ሲል «እ… እ… አሁን!» ብሎ አንሾካሾከ፤ ፊቱ ላይ እንደ ልጅ ደስታ ነበረ።

«ይሄ ነው! ይሄንን እንዳትነኪው» አለ። «እዚህ ጋ ፊቷ ላይ ትንሽ ብትቆዪ ብቻ። ግራ ጉንጯ ላይ ብርሃኑ እንዴት አርፏል፣ አየሽ?»

መቀስ ስክሪኑን አየች። የራሷ ፊት ነው ጥቁሩ መስታወት ላይ ያፈጠጠባት። ንዴቷ ከእግር ጥፍሯ ተነሣ፤ ይሄ ዓይን ያወጣ ውሸታም! ልትጮህበት ዞር አለች። ያኔ ነው ያየችው። የጋሼ ዓይን ስክሪኑ ላይ አልነበረም። ከስክሪኑ አንድ ክንድ ወደ ግራ፣ ድምጹ የሚወጣበት ስፒከር ላይ ተተክሎ ነበር።

«ጋሼ፣ ምንድን ነው የምታየው?»

«ፊልሙን ነዋ።»

«ስክሪኑ ጥቁር ነው። ምንም የለም።»

ከታች ጎሚስታው ጎማውን ሦስት ጊዜ መታ። ጋሼ ፈገግ ሊል ሞከረና ተወው። እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ የስክሪኑን ጠርዝ ፈልጎ ነካ።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለችው።

«ከሁለተኛው ፊልም ወዲህ። ያኔ ጉም ነበር። አሁን ጉሙ ወፈረ። ቀይ ሲሆን ይታየኛል። ፊት በጣም ሲጠጋ፣ በጣም፣ ይታየኛል። ጭሱ ደግሞ… ጭስ ካለ ለሁሉም ሰው እኩል ነው።»

መቀስ እንባዋ መጣ። ለካ ሰው ሁሉ የሳቀበት ያ ቀይ፣ ያ እየዘለለ የሚጠጋ ፊት፣ እሱ ራሱ ከፊልሙ የሚደርሰው ያ ብቻ ኖሯል። እሷ ደግሞ ከማክሰኞ ጀምሮ ስትረግመው ከረመች። አፈረች።

«ስልኩስ? ‹እሷ ካወቀች አለቀ› ያልከው?»

«የዓይን ሐኪሙ ነው። ቤተሰብ ይዘህ ና ይለኛል።» እጇን ፈልጎ ያዘው። «መቀስዬ፣ እንዳትናገሪ። ከተናገርሽ ፊልም የሚሰጠኝ የለም። ፊልም ካልሠራሁ ምን ልሆን ነው?»

«አልናገርም» አለችው፤ ከልቧ ነበር። «አንድ ነገር ብቻ አድርግልኝ። ፕሮዲዩሰሩ ሲጠይቅህ ‹ሰባተኛውን የመረጥኩት እኔ ነኝ› በለው። ዳይሬክተር ነህ፣ ወድጄው ነው ብትል ማን ለምን ይልሃል?»

«እሺ። በእናታችን።»

ፕሮዲዩሰሩ በአምስት ሰዓት መጣ። በሩን ክፍት ትቶ፣ ወንበር ስቦ ጋሼ አጠገብ ተቀመጠ። ብዙ አልዞረም።

«እንግዲህ ዳይሬክተር፣ ሳቁን ሰምተሃል። ስድስት ጥሩ ምስል እያለ ያቺን እንፋሎት ማን ነው የመረጣት?»

መቀስ ወንድሟን አየችው። ጋሼ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ልጅ ናት» አለ። «ትማራለች። ጥፋቱ የእኔም ነው፣ አምኛት ሳላይላት ለቀቅኳት። አደራህን እንዳታባርራት። ከእኔ ጋር ሁለት ሦስት ፊልም ትሥራ፣ ዓይኗ ይከፈታል።»

ወይ ነዶ! እንዲህ ያለ አለሳልሶ ማረድ ታያላችሁ? ደግሞ ሲለምንላት ድምጹ የእውነት ተንቀጥቅጧል። መቀስ ሁሉም ነገር አንድ ላይ ገባት። ዓይኑ አያይም፣ እውነት ነው። ሊያስቀራት ነበር፣ ያም እውነት ነው። አንዱ አንዱን አላጠፋውም።

«ለአንተ ስል እሺ» አለ ፕሮዲዩሰሩ። «የዘጋቢ ፊልሞቹ ሰዎች ትናንት ደውለው ስለ እሷ ጠይቀውኝ ነበር። ገና ናት እላቸዋለሁ።»

«ጋሼ አያይም» አለች መቀስ።

«ተይ እንጂ፤ በታላቅሽ ላይ እንዲህ ይባላል?» አላት ፕሮዲዩሰሩ።

«ስድብ አይደለም፣ ጌታዬ። ዓይኑ አያይም። ሰባተኛውን በድምጹ ነው የመረጠው።»

ከአፏ ሲወጣ ልትመልሰው ፈለገች፤ ግን ወጥቷል። ፕሮዲዩሰሩ ሊቆጣ አፉን ከፍቶ ነበር። ከዚያ እጁን አነሣና በጋሼ ፊት ቀስ አድርጎ፣ ወዲያና ወዲህ አወዛወዘው። ጋሼ ዓይኑን አላርገበገበም።

ያን ጊዜ ከታች የጎሚስታው መንፊያ ተነሣ፤ ወለሉ ራሱ ይነዝራል። ፕሮዲዩሰሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን እንዲህ ባለ ነገር ፊት የት እንደሚገባ የማያውቅ ሰው ነበር። ተነሣ። ደብተሩን ብብቱ ውስጥ አደረገ። ወደ መቀስ አንገቱን ነቀነቀና በእግሩ ጣት እየተራመደ በክፍቱ በር ወጣ። እሷም «ሄደ» ማለት ሲገባት ምላሷ ታሰረ።

«ተናዳ ነው!» ይል ነበር ጋሼ፣ በጩኸቱ ላይ እየጮኸ፣ ፊቱን ወደ ባዶው ወንበር አዙሮ። «አትስማት! ትንሽ ደከም ብሎኛል እንጂ አያለሁ። ይልቅ የሚቀጥለውን ስማኝ፣ ወንድሜ። መነጽር የለ፣ ሽቦ የለ። በር ላይ ለተመልካቹ ሁሉ ጥቁር ጨርቅ እናድላለን። ዓይናቸውን አስረው ይቀመጣሉ። ሁሉም! ኮቴ ብቻ፣ ትንፋሽ ብቻ፣ ከኋላቸው የሚከፈት በር ብቻ። እመነኝ፣ አንድ ሰው አይስቅም። አንድ ሰው! እ? ምን ትላለህ?»

መንፊያው ቆመ። ክፍሉ ጭር አለ። ጋሼ መልሱን እየጠበቀ ወደ ወንበሩ እጁን ዘረጋ፤ መዳፉ መቀመጫው ላይ አረፈ።

«ወጥቷል፣ ጋሼ» አለችው።

እጁን ከወንበሩ ላይ አላነሣም።

«አንቺስ?» አላት።

«እኔ ገና አልወጣሁም» አለችው።